የነቀምት ቡናና የእጅ ማሽን

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነቀምት የገባ እንግዳ፣ በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለው የወለጋ ቡና ስሙን ያገኘበትን ከተማ አየ ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን! ዛሬ መንገደኛ በሻንጣው የሚይዘው፣ ኤሌክትሪክ የማይሻ የእጅ ቡና ማሽን አለ። የፈላ ውሃ ተጨምሮበት እጀታው ወደ ታች ሲጫን፣ ውሃው በቡናው ውስጥ በግፊት ያልፋል። ጣሊያናዊው አኪሌ ጋጃ በ1938 (እ.ኤ.አ.) ያስመዘገበው ፈጠራም መሠረቱ በእንፋሎት ፈንታ የውሃ ግፊት ነበር። በሙቀጫ የተወቀጠ ቡና ግን ለዚህ አይሆንም፤ ሸካራና ልም ስለሚቀላቀል ውሃው በሸካራው በኩል ያመልጣል። በእጅ ወፍጮ እኩል ይፈጭ።

ለሱብሒ ተነስቶ ወደ ጊምቢ ለሚቀጥል መንገደኛ ማሽኑ ባለውለታ ነው። ሆኖም የሚያወጣው አንድ ስኒ ነው፤ ጀበና ግን ጎረቤት ይጠራል። የቤቱ እመቤት «ቡና ጠጡ» ካሉ ማሽኑ ከሻንጣው አይውጣ፤ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ መቀመጥ የእንግዳም የባለቤትም ሐቅ ነውና።