የጥቁሯን ቲማቲም ዘር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ሳምንት የበረንዳዬን ቲማቲም ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ የውስጥ መስመሬ ተጨናንቋል። ግማሹ "ዘር ላክልኝ" ይላል፤ ግማሹ "ሱቁ ሞልቶ የለም እንዴ?" ይላል። አንዱ ወዳጄ ደግሞ "ኢንጂነሩ፣ አራት ዓመት ሙሉ ለአንዲት ቲማቲም?" ብሎኛል። አሁን ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነኝ፤ ከፊቴ ያለው ታክሲ አያልቅም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ሁለት ወንበርና አንድ ረከቦት ካስቀመጥክበት ሞላ። ጣፋጭ የሚባሉት የቼሪ ቲማቲም ዝርያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ቁመታቸው ከእኔ ይበልጣል። "ብላክ ቼሪ" የምትባለውን የቀመሰ ያውቃታል፤ ወደ ጥቁር ያዘነበለች፣ ጣዕሟ አፍ ውስጥ የሚቆይ፣ ግን ሁለት ሜትር አልፋ ጎረቤት በረንዳ የምትገባ ናት። በሌላ በኩል "ታይኒ ቲም" አለ። የኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ያወጣው ድንክ ቲማቲም ነው። ጉልበትህ ጋ አይደርስም፣ በትንሽ ባልዲ ይበቅላል፣ ጣዕሙ ግን ውሃ ውሃ ይላል። የዚያችን ጣዕም በዚህኛው ቁመት ማግኘት ይቻላል ወይ? ጥያቄዬ ይህቺው ነበረች።

ጊዜውን የሰጠኝ ኮሮና ነው። 2020 ላይ ኤርፖርቱ ጭር ሲል ታክሲዋም እኔም ቆምን። ሜሪላንድ ካለ ጓደኛዬ ጓሮ የብላክ ቼሪ አበባ ለቅሜ፣ በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዤ መጣሁ። የቲማቲም አበባ ወንዴና ሴቴው አንድ ላይ ስለሆነ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ የታይኒ ቲምን አበባ ሊፈካ አንድ ቀን ሲቀረው ከፍተህ ወንዴውን ክፍል በወረንጦ ታወጣለህ፤ ሴቴዋን እንዳትነካ እጅህ መንቀጥቀጥ የለበትም። ከዚያ የሌላኛውን የአበባ ዱቄት ታስነካታለህ። ዱቄቱን ለማራገፍ የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ የመሰለ ነገር የለም፤ አንዳንድ የንብ ዓይነት አበባው ላይ ሆና የምታደርገውን ንዝረት ይሠራልሃል። (ባለቤቴ ብሩሿን እስከዛሬ ትፈልጋለች።)

ድንኩን እናት ያደረግኩት በምክንያት ነው። ድንክነት ድብቅ ባሕርይ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይታይም። እንግዲህ ከዘሩ የበቀለው ችግኝ ረጅም ከሆነ ማዳቀሉ ተሳክቷል ማለት ነው፤ ድንክ ከሆነ ግን አበባዋ ቀድማ ራሷን አዳቅላለች። ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ፈተናው ራሱ ችግኙ ላይ አለ። የእኔዎቹ ረዘሙ። ፍሬያቸው ግን ተራ ቀይ ነበር፤ ጥቁረቱም ድብቅ ባሕርይ ነዋ! ያዩኝ ሁሉ "ይኸው ነው?" አሉኝ።

ጨዋታው ያለው በሁለተኛው ትውልድ ነው። እዚያ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፤ ከአራት አንዱ ድንክ፣ ከአራት አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱንም የያዘ ከ16 አንዱ። ታዲያ ስንት ዘር ልዝራ? ቢያንስ አንድ ጥቁር ድንክ የማግኘት ዕድልህ 95 በመቶ እንዲሆን 47 ችግኝ ያስፈልጋል፤ ለጥንቃቄ 60 ዘራሁ። 60 ተክል ሦስተኛ ፎቅ ላይ? እዚህ ላይ ነው ድንኩ የሚያግዝህ። ድንክ ችግኝ ገና በሁለትና ሦስት ሳምንቱ ይለያል፤ አጭር ነው፣ ቅጠሉ ወፍራም፣ የተጨማደደና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ምርጫው ያለቀው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። 14 ድንክ አስቀረሁ፣ 46ቱን ረጃጅሞች ጓሮ ላላቸው ሾፌሮች አደልኩ። ከ14ቱ ሦስቱ ጥቁር አፈሩ።

የምትፈልገው ባሕርይ ድብቅ ሲሆን ጥቅም አለው። አንዴ ካየኸው ያዝከው፤ ከሌላ ካልተዳቀለ በቀር የጥቁር ድንክ ልጅ ጥቁር ድንክ ነው። ከባዱ ጣዕሙ ነው። ጣዕም በአንድ ጂን አይመጣም፤ ስኳሩን የሚሠራው ደግሞ ቅጠል ነው። ትንሽ ተክል ትንሽ ቅጠል አለው፤ በትንሽ ቅጠል ብዙ ፍሬ ካሸከምከው ስኳሩ ይሳሳል። ድንኮች ውሃ ውሃ የሚሉት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ከሦስቱ አንዷ እንደ ታይኒ ቲም አፍርታ ማደጓን አቆመች፤ ሁለቱ ግን ድንክ ሆነው ቀስ እያሉ ቅጠል መጨመር ቀጠሉ። የስኳር መለኪያዋ መስታወት ላይ ጭማቂያቸውን ጠብ አድርጌ ሳይ የቆመችው 6፣ ሌሎቹ 8 እና 9 ሆኑ። የ9ኟን ዘር ያዝኩ።

ግን ማደግ መቀጠል የበላይ ባሕርይ ነው፤ የበላይ ደግሞ ድብቁን ከሥሩ ሊሸሽግ ይችላል። እንዳሰብኩትም በሦስተኛው ትውልድ ሩብ ያህሉ እንደገና የሚቆሙ ሆኑ። እነዚያን አስወግጄ የእያንዳንዱን ተክል ዘር በየራሱ ፖስታ እየያዝኩ፣ ክረምቱን መብራት ሥር፣ በጋውን በረንዳ ላይ፣ በዓመት ሁለት ትውልድ እያደረግኩ ሄድኩ። በየትውልዱ ያልረጋው ነገር በግማሽ ይቀንሳል። አሁን ሰባተኛው ላይ ነኝ፤ ቀሪው ከ64 አንድ እጅ ነው። ዘንድሮ የዘራኋቸው 12ቱ እንደ መንትያ ይመሳሰላሉ።

አሁን ወደ ዘሩ እንምጣ። አንድ ወንድማችን "አስመዝግበህ ሽጠው" ብሎኛል። አስቤበታለሁ፤ የቤት ኪራይ እኔም እከፍላለሁ። ግን እኔ ከአርባ ምንጭ ውሃ ምህንድስና ተመርቄ መቂና ዝዋይ አካባቢ መስኖ ላይ ስሠራ ያየሁት አለ። እኛ ውሃውን እስከ ማሳው እናደርሳለን፤ ገበሬው ግን ዲቃላ ዘሩን በየወቅቱ ከነጋዴ ይገዛል። ከራሱ ማሳ የያዘውን ዘር ቢዘራ ልጁ አባቱን አይመስልም። ዲቃላው ምርታማ ነው፣ አልክድም። ዘር በነጋዴው ቀን ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ግን የዘረጋነው ቦይ ብቻውን አያበላም።

ደግሞም መንገዱን የተማርኩት በነፃ ነው። ክሬግ ለሁሊየር የሚባሉ የሰሜን ካሮላይና ኬሚስት ከአንዲት አውስትራሊያዊት አትክልተኛ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ የድንክ ቲማቲም ፕሮጀክት ጀመሩ። እዚህ ክረምት ሲሆን እዚያ በጋ ነው፤ ዘሩን በፖስታ እየተላላኩ በዓመት ሁለት ትውልድ ያወጡ ነበር። ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የቤት አትክልተኞች ከመቶ በላይ ዝርያ አውጥተዋል። ማንም ዘሩን ይዞ መልሶ ሊዘራው ይችላል። እኔ ከዚህ ወስጄ የራሴን በር ልቆልፍ?

በዚሁ ነገር አንድ ታላቃችን ተቀይመውኛል። ለገና አዲስ አበባ ሲሄዱ ለእህታቸው ማሳ አንድ ጥቅል በሻንጣ ሊወስዱ ፈለጉ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን አልሰጥዎትም" አልኳቸው። "ላገርህ ነው የምትነፍገው?" አሉኝ። ጋሼ፣ ይህንን ካነበቡ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 እስራኤል ውስጥ የታየ፣ ፍሬውን የሚያጨማድድ የቲማቲም ቫይረስ አለ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ገብቷል፤ በዘርም፣ በእጅም፣ በመቀስም ይተላለፋል። ሰው አይጎዳም፤ ማሳ ግን ያጠፋል። የእኔ ተክሎች ጤነኛ ይመስላሉ፤ "ይመስላል" ግን የላቦራቶሪ ውጤት አይደለም። ቲማቲም የሚኖርበት ገበሬ ባለበት አካባቢ ያልተመረመረ ዘር አላስገባም። የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት የሚያወጣልን ሰው ካለ ወጪውን እኔ እችላለሁ፤ እርስዎም ይዘው ይሄዳሉ።

አሜሪካ ላላችሁ ግን እነሆ። ለአንድ ሰው 10 ዘር፣ ለ30 ሰው ይበቃል። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አግኙኝ፤ ሩቅ ያላችሁ አድራሻና ቴምብር ያለበት ፖስታ ላኩልኝ። ባልዲ፣ ስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ ማታ ሳይሆን ጠዋት ውሃ። ፍሬው ሲበስል ትከሻው ላይ አረንጓዴ ይቀርበታል፤ ያልበሰለ መስሏችሁ አትጠብቁት፣ ጫን ስትሉት ለስለስ ካለ ብሉት። ከመካከላቸው ቀይ የሚያፈራ ወይም ከወገባችሁ በላይ የሚያድግ ካያችሁ ዘሩን አትያዙ፤ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።

ስሟን ገና አላወጣንም። ልጄ አንድ ስም አላት፣ የወረፋው ሰዎች ሌላ አላቸው። ሐሳባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉ። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፣ ልሂድ።