የሴሚያስ ቁራጭና 20 ቶን ፕሬስ

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ዕቃው ገበያ ላይ የለም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። እዚሁ ቀጥቅጠን ብንሠራውስ?» ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ ይቻላል። ሁሉም ዕቃ ግን አይደለም።

ሲቀላ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያለው አንድ ልጃችን አለ። ባለፈው ዓመት ከጨንቻ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ የወፍጮ ባለቤት መጣበት። የናፍጣ ሞተሩ ቫልቭ የምትገፋዋ ክንድ፣ ሮከሯ፣ ለሁለት ተሰብራለች። ሞተሩ አሮጌ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ቢጠየቅም ዕቃ የለም። ወፍጮ ሲቆም ደግሞ የሚቸገረው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። እናቶች እህል በጀርባቸው አዝለው ዳገት ቁልቁለቱን ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሄዱ ነው።

ልጁ ኩሽኔታ የሚያወጣበት 20 ቶን ፕሬስ አለው። ከወፍራም ብረት የላይና የታች ፎርማ ቆርጦ፣ በሊማ አስተካክሎ ፕሬሱ ላይ አሰረው። የአሮጌ አይሱዙ ሴሚያስ ቆረጠ። ከሰሉን በወናፍ ፋንታ በኤሌክትሪክ ማራገቢያ አነደደው። ብረቱ ደማቅ ብርቱካናማ ሲሆን ፎርማው ውስጥ ከትቶ ይጫነዋል፤ ወደ ጥቁር ቀይ ሲወርድ ያቆምና እንደገና እሳት ውስጥ ይመልሰዋል። በቀዘቀዘ ብረት ላይ ግድ የሚል ሰው ስንጥቅ ነው የሚያተርፈው። ስድስት ጊዜ አመላለሰው።

«ከላሜራ ቆርጦ ቢያወጣውስ?» ትሉ ይሆናል። ገበሬ ቆልመም ያለ ዕቃ ሲፈልግ ቀጥ ያለ ግንድ ጠርቦ አያጎብጥም፤ ከጫካ የጎበጠ እንጨት መርጦ ነው የሚያመጣው። የእንጨቱ ጅማት ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ስለሚዞር አይሰበርም። ብረትም እንዲሁ ነው። ትኩስ ሆኖ ሲቀጠቀጥ ውስጡ ያለው ጅማት ቅርጹን ተከትሎ ይተኛል። ሲቆረጥ ግን ጅማቱ መታጠፊያው ላይ ይበጠሳል፤ ዕቃው የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው።

ከዚያ ቶርኖ ቤት ወስዶ ቀዳዳውን አስበሳ፣ የነሐስ ቡሽ አስገባበት። ቫልቩን የምትነካዋን ጫፍ ብቻ አግሎ ዘይት ውስጥ ነከራት፤ እንዳትሰባበር ደግሞ መልሶ በቀስታ አሞቃት። ወፍጮው እስከ ዛሬ እየፈጨ ነው።

አሁን ወደ «አይደለም» ልምጣ። ቢየላና ኮሎ እንዲህ አትሥሩ። ሞተር እየዞረ ቢየላ ከተበጠሰ ብሎኩን በስቶ ይወጣል፤ አጠገቡ ሰው ካለ ደግሞ አስቡት። ሮከር ብትሰበር ሞተሩ ይበላሻል፤ ቢየላ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ጫሞ ላይ ጀልባ ለምትነዱም አንድ ነገር ልበል። በአንዳንድ ትናንሽ የጀልባ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የምትይዝ ቀጭን ፒን አለች። ፕሮፔለሩ ግንድ ወይም ድንጋይ ሲመታ እሷ ተበጥሳ ማርሹን እንድታተርፍ ነው የተሠራችው። «ቶሎ ቶሎ ትበጠሳለች» ብሎ ከባሌስትራ የማትበጠስ ፒን የሚያስገባ አለ። ያኔ የሚሄደው ማርሹ ነው። ፒን ብትበጠስ ትርፏን ከኪስ አውጥቶ መቀየር ይቻላል። ማርሹ ከተሰበረ ግን አዞና ጉማሬ ባለበት ሐይቅ መሃል በመቅዘፊያ ብቻ መቅረት ነው። ስለዚህ «እንዴት ላጠንክረው?» ከማለታችሁ በፊት «ሥራው ምንድን ነው?» በሉ።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጁ ሮከሯን የትም አልለጠፋትም። ከጋራዥ ልጆች በቀር ማን እንደሠራት የሚያውቅ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ መካኒክ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። እሳትና መዶሻ ሲያዩ ግን ሌላ ስም ይወጣልኛል።»

አያቱ ደጋ ላይ ማጭድና መቆፈሪያ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። በጋሞ ደጋ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራና ቆዳ የሚያለፋ ሰው ከሌላው ጋር እንደማይጋባ የአገሬው ልጆች ታውቁታላችሁ። ሁሉም በእጃቸው ሥራ ይጠቀማል፤ እጃቸውን ግን ይጸየፋል። በሰሜኑም ያው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን መሪነት 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አሠርተው መቅደላ ድረስ አስጎትተውታል። የአገሩ ቀጥቃጭ ግን በዚያው ዘመን «ቡዳ» ይባል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ልጁ ግን ዛሬም ይደበቃል።

የብረትን ሙቀት በቀለሙ መለየት ያስተማርኩት እኔ አይደለሁም። እኔ ክፍል ውስጥ ሰንጠረዥ ነው ያሳየሁት። እሱ በልጅነቱ ከአያቱ ወናፍ አጠገብ ተቀምጦ ነው የለየው። ያቺን ሮከር የሠራት የእኔ ትምህርት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛው ማሞቂያ ላይ ትሰነጠቅ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ስሙን ላልጠራ ተስማምተን፣ በፈቃዱ ነው። ጋራዥ ያላችሁ ልጆች፣ ከቀጥቃጭ ቤት የመጣ ልጅ ደጃፋችሁ ሲቆም አሰልጥኑት፤ እናንተም ከእሱ ተማሩ። የተሰበረ ዕቃ ያላችሁ ደግሞ በሁለት በኩል ፎቶ አንሱና ምን እንደሚሠራ ጽፋችሁ ላኩልኝ። የሚቀጠቀጥ ከሆነ የት እንደምትወስዱት እነግራችኋለሁ።