ስለ ርካሽ የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥና ስለ ጆሮ አጠባበቅ

ሰው ዕቃ በሚገዛበት ጊዜ ዋጋውን መጠየቅ ልማዱ ነው፤ ዕቃው ኋላ የሚያስከፍለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሕዝቡ ኢርፎን ስለሚለው ስለ ትንሹ የጆሮ ማዳመጫ እኛ ይህን የተማርነው በገዛ ጥፋታችን ነውና፣ ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን ታሪኩን ከዚህ ቀጥሎ እንጽፋለን።

የምንኖረው በላስታ፣ በላሊበላ ከተማ ነው፤ ሥራችንም በችሎት የምስክርና የባለ ጉዳይ ቃል መጻፍ ነው። በልጅነታችን ከየኔታ እግር ሥር ዜማ ተምረን፣ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግን፣ የቤተ ክርስቲያኑንም የዓለሙንም ዜማ መስማት እንወዳለን። ዓምና ወደ ወልድያ ወርደን ስንመለስ ዋጋው ከአንድ ዶሮ ዋጋ እጅግ የሚያንስ ማዳመጫ ገዛን። አውቶቡሱ ዳገቱን ሲወጣ ያጓራ ነበርና፣ ጩኸቱን ለማሸነፍ የስልካችንን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገን እስከ ላሊበላ ድረስ ስንሰማ መጣን። ስንወርድ ጆሯችን ጭው ይል ነበር፤ ሲያድር ይሻለዋል ብለን ናቅነው።

በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ ስለ አንድ በሬ ይመሰክሩ ነበር። እሳቸው «በሬውን ለወንድሙ ሰጠ» ሲሉ እኛ «ሸጠ» ብለን ጻፍን። ቃላቸው በተነበበላቸው ጊዜ ደንግጠው «እኔስ ሰጠ አልሁ እንጂ፣ ሸጠ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አሉ። መዝገቡም ወዲያው ታረመ። ነገር ግን ባይነበብላቸው ኖሮ በአንዲት ፊደል ምክንያት የሰው መብት በእጃችን በጠፋ ነበር። እንጀራችን በጆሯችን መሆኑን ያን ቀን ዐወቅን። እንደ «ሰ» ያለ ቀጭን ድምፅ፣ ጆሮ በጩኸት ሲደነዝዝ በቶሎ ከሚያመልጡት ወገን መሆኑን የተማርነው ኋላ ነው።

ከዚህም በኋላ የዐሥራ አራት ዓመት ልጃችን ማዳመጫ እንድንገዛለት በለመነን ጊዜ፣ እንቢ ከማለት ይልቅ መርምሮ መግዛት ይሻላል አልን። ዋጋቸው ከዐቅማችን ያልራቀ ሦስት ዓይነት ማዳመጫ ይዘን፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ከልጃችን ጋራ ወደ አሸተን ማርያም ወጣን። አሸተን ማርያም ከከተማው በላይ በተራራው ራስ አጠገብ ከዐለት የተፈለፈለች፣ ስሟ ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ጋራ የሚነሣ ናት፤ መንገዷም በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል።

ለመፈተኛ ሦስት ዜማ መረጥን። ፊተኛው የመምህር ዓለሙ አጋ በገና ነው፤ የበገና ድምፅ ወፍራም ነውና፣ አውታሩንም እንዝራው ሲያንዘዘው ደካማ ማዳመጫ ያበላሸዋል። ሁለተኛው በባቲ ቅኝት የተዘፈነ የክራር ዘፈን ነው። ሦስተኛው በልደት በዓል በቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ሲዘምሩት በስልካችን የቀዳነው ቤዛ ኵሉ ነው፤ ብዙ ሰው በአንድነት ሲዘምር ቃሉ ተለይቶ ይሰማ እንደ ሆነ ለማየት ነው።

ፊተኛው ማዳመጫ ከጆሮ ደጃፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ቀዳዳውን የማይዘጋ ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር። በእርሱ በገናው እንደ ትንኝ ሆኖ ተሰማ፤ ነፋስ በነፈሰ ጊዜም ድምፁን ከፍ ካላደረግን አልሰማንም። በአውቶቡስ ያሳሳተን ይኸው ዓይነት ነው። ሁለተኛው ጫፉ ለስላሳ ጎማ ያለው ባለ ሽቦ ነው። ከእርሱ ጋራ ከመጡት ሦስት መጠን ጎማዎች ለጆሮ የሚስማማው በተገባ ጊዜ በገናው ሞልቶ ተሰማ። ልጃችንም «አባዬ፣ ይኸኛው ዝቅ ቢልም ይሰማኛል» አለን። ሦስተኛው ሽቦ የሌለው፣ በብሉቱዝ የሚሠራ ነው። ለመንገድ ይመቻል፤ ነገር ግን የኛ ከበሮውን አግንኖ የሰውን ቃል ሸፈነው፤ መብራት በጠፋ ቀንም ካልተሞላ ዝም ይላል።

የልዩነቱ ምክንያት ይህ ነው፤ ጎማው ቀዳዳውን በሚገባ ሲዘጋ ወፍራሙ ድምፅ ወደ ውጭ አያመልጥም፣ የውጭውም ጩኸት አይገባም። ስለዚህ ድምፁን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት፣ ለልጆች ግን በ75 ዴሲቤል 40 ሰዓት ወሰን አድርጎ ይመክራል። ዴሲቤል ማለት የድምፅ ኀይል መለኪያ ነው፤ በ3 በጨመረ ቍጥር የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይጐድላል፤ በ90 ዴሲቤልም በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። መለኪያ ለሌለው ሰው፣ ከስልኩ ሙሉ ድምፅ ከ60 በመቶ አለማለፍ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት የመስሚያ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይበቅሉምና።

ነገር ግን ደግ የሆነውም ዕቃ ያለ ስፍራው ይጐዳል። በመንገዱ ላይ በዐለት መካከል ወደ ጠበበው ስፍራ በደረስን ጊዜ፣ ልጃችን ያንን ባለ ጎማ ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮው አግብቶ ከፊታችን ይሄድ ነበር። አንድ በቅሎ ነጂ ከላይ እየወረደ «መንገድ! መንገድ!» ብሎ ቢጮኽ፣ ልጁ ፊቱን ወደ ገደሉ መልሶ ሲያይ ነበርና አልሰማም። በትከሻው ስበን ወደ ዐለቱ ባናስጠጋው ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ለመጻፍ አንወድም። ነጂውም አልፎን ሲሄድ «ልጅዎን ጆሮውን ያስከፍቱለት» አለን።

የሶኒ ኩባንያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1979 ዎክማን የተባለውን የኪስ ቴፕ በሸጠ ጊዜ፣ በፊተኛው ሥራ ላይ የሁለት ሰው ማዳመጫ መሰኪያና፣ ሰሚዎቹ እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ዘፈኑን ዝቅ የሚያደርግ ቍልፍ አድርጎበት ነበር። ሰው ብቻውን ተዘግቶ እንዳይቀር ሠሪዎቹም ዐስበውበት ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ለሚገዛ ሰው ምክራችን እነሆ። በሱቁ ውስጥ አብዝቶ የሚጮኸውን ሳይሆን፣ በዝቅተኛ ድምፅ ቃሉ የሚለየውን ምረጡ። ሁለቱም ጆሮ እኩል መስማቱን፣ ሽቦው ከመሰኪያው አጠገብ አለመላላቱን፣ መሰኪያውም ለስልካችሁ መስማማቱን እዩ። በላዩ የተጻፈውን ስም ብቻ አትመኑ፤ ስም የተለጠፈበት ሁሉ የስሙ ባለቤት የሠራው አይደለምና። ለልጃችሁም በመንገድ ላይ እንዳያደርገው ከመግዛታችሁ በፊት ንገሩት።

እኛ ባለ ጎማውን ለልጃችን ገዛንለት፤ ዋጋው የአንድ ዶሮ ዋጋ ያህል ነበር። ያን ቀን ከተራራው ላይ በደረስን ጊዜ ማዳመጫውን ከኪሳችን ከተትን። ከዐለቱ ውስጥ የአንድ ዲያቆን ንባብ በዝግታ ይሰማ ነበር። ልጃችን ጥቂት ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፣ ዲያቆኑ ምን ቃል እንዳነበበ ጠየቀን፤ እኛም አንድም ሳናስቀር ነገርነው።