ለሸኚም ቦታ ያለው ጣቢያ

ሮም፣ ጥቅምት

ይድረስ ለተወደዱት አባቴ፤

የድሬ ሙቀት በረድ አለልዎ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? ልጅዎ ደህና ናት፤ ሥራ ስለሚበዛባት ቶሎ ቶሎ ባትደውልም እንዳይቀየሟት አደራ ብላለች። ቤቷ ከባቡር ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ እግሬን ማፍታታት ባሰኘኝ ቁጥር የምሄደው ወደዚያው ነው።

ስነሳ «ቤተ ክርስቲያኑንና ሐውልቱን ሌላም ሰው ይነግረኛል፤ አንተ ጣቢያቸውን አይተህ ጻፍልኝ» ብለውኝ አልነበር? ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ያሳለፉ ሰው አደራ ነውና በዋዛ አላየሁትም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎ፤ ወደ እኛ መመለሱን ለእርስዎ ትቻለሁ።

ጣቢያው ቴርሚኒ ይባላል። ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሳው ፈጣን ባቡር በ32 ደቂቃ ከተማው መሐል ያደርሳል። ሐዲዶቹ ከዚያ ወዲያ አይሄዱም፤ ከ30 በላይ መስመሮች ጎን ለጎን መጥተው እዚያው ያበቃሉ። የአዲስ አበባው ለገሃርም እንዲሁ የመስመሩ ጫፍ አልነበር? የዚህ ዓይነት ጣቢያ ለባቡር ነጂው አይመችም፤ የገባው ባቡር ለመውጣት ወደ መጣበት መመለስ አለበት። ለመንገደኛው ግን ትልቅ ጸጋ ነው። ከባቡሩ ወርደው ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፤ በሐዲዶቹ ጫፍ አግድም የተዘረጋ ሰፊ መተላለፊያ ይቀበልዎታል፤ እሱን አቋርጠው ትልቁ አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ወጥተው አደባባዩ። ወደ ምድር ውስጡ ባቡር ካልወረዱ በቀር ደረጃ የሚባል የለም። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ከማንም ይበልጥ ይረዳዋል ብዬ ነው መጀመሪያ የጻፍኩልዎ።

መተላለፊያው ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው ስለሚያሻግር፣ ባቡር የማይሳፈረውም ሕዝብ በዚያ በኩል ያልፋል። ዳቦ ገዝታ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሴት፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች፣ ቡናውን ቆሞ ጨልጦ የሚወጣ ሠራተኛ። ጣቢያው ለሰፈሩ መንገድም ሆኖ ያገለግላል።

ሌላው የወደድኩት ወረቀቱ ነው። ኤሌክትሪክ ሰሌዳው እንዳለ ሆኖ፣ በጣሊያን ጣቢያዎች የጊዜ ሰሌዳው ታትሞ ይለጠፋል፤ የሚነሱት ባቡሮች በቢጫ ወረቀት፣ የሚገቡት በነጭ፣ ሁሉም በየሰዓቱ ተራ ተጽፈው። ቋንቋውን የማያውቅ እንግዳ ቢጫና ነጩን ከለየ ሰው ሳይጠይቅ መንገዱን ያገኛል። እኔም መጀመሪያ የተማርኩት ጣሊያንኛ ይኸው ቢጫና ነጭ ነው።

አሁን ስለ ሕንፃው። ጎንና ጎኑን የሠራው አርክቴክቱ አንጂዮሎ ማዞኒ ነው፤ ዘመኑም የሙሶሎኒ ነው። ለ1942 ታስቦ ለነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን ሮምን እንዲያስከብር ፊቱ በግዙፍ አምዶች እንዲገጠም ታቅዶ ነበር። ጦርነቱ ሥራውን አስቆመው፤ መንግሥቱም ወደቀ፤ አምዶቹም ሳይቆሙ ቀሩ። በ1947 አዲስ ውድድር ወጣ። ሁለት የአርክቴክት ቡድኖች አሸነፉ፤ ሥራውንም በአንድነት ሠሩት። ጣቢያው በታኅሣሥ 1950 ተመረቀ።

አዲሶቹ አርክቴክቶች በአምዶቹ ፈንታ ከአዳራሹ አናት ወጥቶ ወደ አደባባዩ የሚዘረጋ፣ ወገቡ ላይ ጎበጥ ብሎ የሚታጠፍ የኮንክሪት ጣሪያ አወጡ። ሮማውያን «ዳይኖሰሩ» ይሉታል። ከጎኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የተሠራ የከተማ ቅጥር ፍርስራሽ አለ፤ አላፈረሱትም፤ ዘመናዊው ጣሪያ ከአሮጌው ድንጋይ ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። እኔ ግን የገረመኝ ጣሪያው ለማን እንደተሠራ ነው። ከመስታወቱ በር ውጭ ስለሆነ ትኬት የያዘውን ከሌለው አይለይም። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም እሱ ሥር ይሰበሰባል፤ መንገደኛው፣ አውቶቡስ ጠባቂው፣ ሥራ ፈቱ፣ እንግዳ የሚጠብቀው። አምዶቹ ቢቆሙ ኖሮ መንግሥትን ያስከብሩ ነበር፤ ጣሪያው ሰውን ያስጠልላል።

ከጣቢያው ፊት ያለውን አደባባይ ስም ሲሰሙ ፈገግ ማለትዎ አይቀርም፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው። አምስት መቶዎቹ ራስ አሉላ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ለእነሱ መታሰቢያ የቆመው የግብፅ ሐውልት መጀመሪያ ከጣቢያው ፊት ነበር፤ በ1920ዎቹ ጥቂት ወደ ጎን፣ ዛፎች ወዳሉበት አዛወሩት። ሄጄ አየሁት። ከለገሃር የተነቀለውን የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን አምጥተው ያቆሙት እዚህ ሥር ነበር። በ1930 ለንግሥ በዓሉ የቆመውን፣ እርስዎ በፊቱ ስንት ጊዜ ያለፉትን አንበሳ፣ ከአንድ ባቡር ጣቢያ ደጅ ነቅለው ሌላ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተከሉት። ዘርዓይ ደረስ በ1937 ሰይፉን የመዘዘው በዚሁ ቦታ ነው። አንበሳው በ1960ዎቹ አገሩ ገባ፤ እዚህ ዛሬ ይህን የሚነግርልን ምልክት ፈልጌ አላገኘሁም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በዶጋሊ ሙታን ስም የተጠራው ያ አደባባይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሴቶች መገናኛ ሆነ። በየሰው ቤት ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ነበሩ፤ ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነበር። ቤት የላቸው፣ ለመቀመጫ ካፌ የሚገቡበት ገንዘብ የላቸው፤ የተቀጠሩበት ቤት በየትኛውም የከተማው ጫፍ ቢሆን አውቶቡሱና ባቡሩ ሁሉ የሚመጣው ቴርሚኒ ነው። ስለዚህ ሳይቀጣጠሩ ይገናኙ ነበር። ልጅዎ የምታውቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት እንዳጫወቱኝ፣ ከአገር የመጣ ደብዳቤ የሚነበበው፣ ሥራ የሚፈላለገው፣ የሞተ የሚረዳው እዚያ ቆመው ነበር። በጣቢያው ዙሪያ ባሉት ጎዳናዎች ዛሬ እንጀራ የሚገኝባቸው ምግብ ቤቶች የበዙት በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። እኛም ትናንት ከአንዱ ገብተን ሽሮ በላን፤ ልጅዎ በርበሬው የእናቷን አይተካከልም ብላ ብታማርርም ሳህኑ ባዶ ነው የተመለሰው።

አባባ፣ እርስዎ የጠየቁኝ ጣቢያው ትልቅ መሆኑን ሳይሆን ጥሩ መሆኑን ነው። እንደ እኔ የጣቢያ ጥሩነት የሚለካው በሸኚውና በተቀባዩ ነው። ትኬት የቆረጠውንማ ማንም ያስተናግደዋል፤ ገንዘቡን ከፍሏል። በእኛ አገር ደግሞ ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ የለም፤ አንዱ ሲሳፈር አምስቱ ሊሸኙ ይመጣሉ፤ ሲመለስ ደግሞ አሥሩ ይቀበሉታል። እርስዎም ሲያጫውቱን፣ ባቡር በሚነሳበት ቀን ድሬዳዋ ጣቢያ ከመንገደኛው ሸኚው፣ ከሸኚው ደግሞ ሻጩ ይበዛ እንደነበር ይነግሩን ነበር። አዲስ አበባ ላይም ቡፌ ደላጋርን ያሞቀው ተሳፋሪው ብቻ አልነበረም።

በዚህ ሚዛን ቴርሚኒም ነቀፌታ አያጣም። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ የባቡሮቹ መቆሚያ በበር ታጥሯል፤ ትኬት ያላሳየ አያልፍም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ኪስ አውላቂ ነበር፣ ሻንጣ ልያዝልህ እያለ የሚያጣድፍ ነበር፣ የሽብር ሥጋትም አለ። መቆሚያው ጸጥ ብሏል ይላሉ የሚያውቁት። ግን ስንብቱ በሩ ላይ ቀረ። አሮጊት እናቱን ሊያሳፍር የመጣ ልጅ ሻንጣዋን ወንበሯ ድረስ አድርሶ፣ በመስኮት እጁን እያወዛወዘ ከባቡሩ ጋር ጥቂት መራመድ አይችልም። በብዙ አገር ታላላቅ ጣቢያዎች ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ እየተነሳ ሱቅ እየገባ ነው፤ መቀመጥ የፈለገ መግዛት አለበት። ጥበቃውም ንግዱም ያስፈልጋል፤ ቢሆንም ሸኚውን የሚገፋ ጣቢያ ቀስ በቀስ ከከተማው ይለያል።

ቴርሚኒን የሚያድነው መተላለፊያውና አዳራሹ ለሁሉም ክፍት መሆናቸው ነው። በአንድ ጎኑ ደግሞ በ2016 የተከፈተ የምግብ አዳራሽ አለ። ከመሐሉ ማዞኒ የሠራው ከእብነ በረድ የሆነ ግዙፍ የጭስ መውጫ ይታያል፤ ድሮ የባቡር ሠራተኞች የሚመገቡበት ነበር። ያን ጊዜ የሠራተኛ ወጥ የበሰለበት ኩሽና ዛሬ የከተማው ሰው ምሳ መብያ ሆኗል። የእናንተንም መመገቢያ እንዲህ ጠብቀው ቢያቆዩት ምን ነበረበት አልኩ።

ሌላ ጣቢያም አይቻለሁ፤ ቲቡርቲና ይባላል፤ በ2011 ተመረቀ። ፈጣኖቹ ባቡሮች ወደኋላ ሳይመለሱ ቀጥ ብለው እንዲያልፉ ታስቦ ነው፤ ጣቢያው ራሱ ከሐዲዶቹ በላይ የተዘረጋ ትልቅ የመስታወት ድልድይ ነው። ለባቡሩ አሠራር ከቴርሚኒ ይሻላል። ነገር ግን በሄድኩበት ሰዓት ያየሁት ሰፊ ወለልና ጥቂት ሰው ነው። ሰው የሚያልፍበት ሰፈር ገና አልደረሰበትም።

እዚያ ቆሜ የእኛን አሰብኩ። የጂቡቲው አዲስ መስመር በ2016 ሲመረቅ የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሃር መሆኑ ቀርቶ ፉሪ ለቡ ሆነ፤ የድሬዳዋውም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሏል። ይህን ያደረጉት ሰዎች አላሰቡም አልልም። ሰፊው ሐዲድ ጠባብ ጥምዝ አይወድም፤ ከተማ መሐል ቤት አፍርሶ መግባት ውድ ነው፤ ደግሞም መስመሩን የሚያቆመው ከመንገደኛው ይልቅ የወደብ ጭነቱ ነው። ሕንፃዎቹም ሰፋፊና የሚያምሩ ናቸው። ግን ሸኚው እዚያ ድረስ በምን ይሂድ? ሂዶስ የት ይቀመጥ?

ጓደኞቼ ይህን ስናወራ «ከከተማ የራቀ ጣቢያ መቼም ጣቢያ አይሆንም» ይሉኛል። እኔ ግን ከእርስዎ የሰማሁትን እመልስላቸዋለሁ፤ በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ድሬዳዋ ከተማ አልነበረችም። ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላቃተው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማው በኋላ መጣ። ነገር ግን ዝም ብሎ አልመጣም። የጥገና ፋብሪካው እዚያው ተሠራ፤ ሠራተኛው በእግሩ የሚደርስበት ቤት ተሰጠው፤ የከዚራ ሰፈር በመስመር ተቀየሰ፤ የዛፍ ጥላ ያለው መንገድ ወጣ፤ ገበያው ተከተለ። ጣቢያውን ጣቢያ ያደረገው አብሮ የመጣው ኑሮ ነው። ለፉሪም እብነ በረድ አልመኝለትም፤ ከባቡሩ ሰዓት ጋር የተስማማ አውቶቡስ፣ ጥላ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሻይ የሚሸጥ ሰው፣ ቀጥሎም በአጠገቡ የሚኖር ሕዝብ ቢያገኝ ይበቃዋል።

እስቲ በሚጽፉልኝ ጊዜ ሁለት ነገር ይንገሩኝ። የከዚራን ዛፎች ያስተከለው ምድር ባቡር ነው ወይስ ነዋሪው ራሱ? በእርስዎስ ጊዜ ሸኚ ወደ መቆሚያው ሲገባ ይከፍል ነበር ወይስ ዝም ተብሎ ያልፍ ነበር? በዚህ ጉዳይ ከልጅዎ ጋር ተከራክረን አልተስማማንም፤ ዳኝነቱ የእርስዎ ነው።

ከነገ ወዲያ ወደ ናፖሊ እሄዳለሁ፤ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው ይላሉ። የዚያንም ጣቢያ አይቼ እጽፍልዎታለሁ። መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይውሰዱ። ለእማማና ለጎረቤት ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስመለስ ለመቀበል አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ድረስ አልመጣም እንዳይሉ፤ ታክሲውን እኔ እከፍላለሁ።

አክባሪ ልጅዎ