የሳንታ ገርትሩዲስ እመቤት

በሰሜን አሜሪካ፥ በቴክሳስ ደቡብ፥ በኑዌሴስና በሪዮ ግራንዴ ወንዞች መካከል እጅግ ሰፊ የሆነ ሜዳ ይገኛል። ምድሩ ሣርና እሾኻማ ቍጥቋጦ የሞላበት ነው፤ ዝናሙ ባንዱ ዓመት ይበዛል፥ በሌላው ዓመት ፈጽሞ ይነጥፋል። በመካከሉም ሳንታ ገርትሩዲስ የሚባል ጅረት ይወርዳል። ድርቅ ከብቱን ሲፈጅበት ያየ የቦረና ሰው ይህን አገር ቢመለከት እንግዳ አይሆንበትም። ስለዚህ ስፍራ ስንናገር፥ ሰባ ዓመት ያህል የኖሩበትን የወይዘሮ ሄንሪዬታ ኪንግን ሕይወት ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ሄንሪዬታ በ1832 ሚዙሪ በሚባለው አገር ተወለዱ። አባታቸው የፕሮቴስታንት ሰባኪ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ወደ ጠረፉ ከተማ ወደ ብራውንስቪል በመጣ ጊዜ የሚከራይ ቤት ስለ ጠፋ፥ በወንዝ ዳር በቆመች የእንፋሎት መርከብ ላይ መኖር ጀመረ። የመርከብ አዛዡ ሪቻርድ ኪንግ፥ መርከባቸውን የሚያቆሙበት ቦታ ተይዞ ቢያገኙት በቍጣ ሲሳደቡ፥ ወጣቷ ወጥተው እንደ ገሠጿቸውና ትውውቃቸው በዚያ እንደ ተጀመረ ይነገራል። በታኅሣሥ 1854 ተጋቡ።

ካፒቴን ኪንግ ከአንድ ዓመት በፊት በጅረቱ ዳር 15,500 ኤክር፥ ማለት 155 ጋሻ ያህል መሬት፥ በ300 ዶላር ገዝተው ነበር። ሙሽራዪቱ መሣሪያ በያዙ ፈረሰኞች ታጅበው፥ ሌሊቱን በሜዳ እያደሩ በሠረገላ ተጓዙ። የመጀመሪያ ቤታቸው የጭቃ ጎጆ ነበር፤ ከጥበቱ የተነሣ ትልልቆቹ ሳሕኖች በውጭው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር። ወይዘሮዋ ግን በኋላ ዘመን ያን ጊዜ ያስታወሱት በደስታ እንጂ በምሬት አይደለም።

በዚያው በ1854 ካፒቴኑ ወደ ሜክሲኮ ሄደው፥ በድርቅ ከተጎዳ መንደር ከብቱን ገዝተው ነበር። ከብቱ ከሄደ ሕዝቡ በምን ይኖራል ብለው ስላሰቡ ነዋሪዎቹን አብረው እንዲመጡ ጋበዟቸው፤ መቶ የሚያህሉ ሰዎችም ተከተሏቸው። እነዚህና ልጆቻቸው «ኪኔኞስ»፥ ማለት የኪንግ ሰዎች፥ ተባሉ። ለእነርሱ መኖሪያ፥ ለልጆቻቸውም ትምህርት እንዲዘጋጅ የደከሙት ወይዘሮ ሄንሪዬታ ናቸው።

በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ፥ በ1863 መጨረሻ፥ የሰሜን ወታደሮች ርስቱን ወረሩ። ካፒቴኑ ቀድመው ሸሽተው ስለ ነበር፥ ወታደሮቹ ያገኙት ነፍሰ ጡር የነበሩትን ወይዘሮና ልጆቻቸውን ነው። ከሠራተኞቹም አንዱ በዚያ ሌሊት ተገደለ። ወይዘሮዋ ልጆቻቸውን ይዘው ተሰደዱ፤ በየካቲት 1864ም በስደት አገር ወንድ ልጅ ወለዱ። ያ ልጅ በ1883 በሳንባ በሽታ ሞተባቸው።

ከሁሉ የከፋው ፈተና በ1885 መጣ። ካፒቴን ኪንግ ሲሞቱ ለሚስታቸው 500,000 ኤክር መሬትና 500,000 ዶላር ዕዳ ተዉላቸው። ወይዘሮዋ መሬቱን ሸጠው በከተማ ማረፍ ይችሉ ነበር፤ ነገር ግን ጥቍር ልብሳቸውን ለብሰው፥ በኋላ አማቻቸው የሆኑትን ጠበቃ ሮበርት ክሌበርግን ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሙና ርስቱን ያዙ። የኀዘኑንም ልብስ እስኪሞቱ ድረስ አርባ ዓመት አላወለቁትም።

ከዚያም የ1890ዎቹ ድርቅ ከብቱን ፈጀው። የዳነውም በጕድጓድ ውኃ ነው፤ በ1899 ምድሩ ከ500 ጫማ በላይ ተቈፍሮ ውኃው በራሱ ኀይል ገንፍሎ ወጣ። ውኃ ከተገኘ በኋላ ወይዘሮዋ ለባቡር ሐዲድ መሬት ሰጡ፤ በሐምሌ 1904 የመጀመሪያው ባቡር ሲደርስ ኪንግስቪል የምትባለው ከተማ ተቈረቈረች። ለልዩ ልዩ አብያተ ክርስቲያናት ቦታ ሰጡ፥ ትምህርት ቤት አሠሩ። በከተማዋ መሬት የሚገዛ ሁሉ መጠጥ እንዳይሸጥበት በውሉ ላይ አስጻፉ። በ1912 ትልቁ ቤታቸው ሲቃጠል፥ አዲሱ ቤት ማንም ጫማውን ሳያወልቅ የሚገባበት እንዲሆን እንዳዘዙ ይነገራል።

መሬቱ ቀድሞ የሜክሲኮ ባለርስቶች ስለ ነበረ የተገዛበት መንገድ ክርክር ሳያስነሣ አልቀረም፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንደ ተባለው፥ ያን ያህል ዕዳ አንዲት ሴት ብቻዋን እንዳልተሸከመችው የቀብሩ ቀን አሳየ።

ወይዘሮ ሄንሪዬታ ኪንግ በመጋቢት 31 ቀን 1925 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ርስቱም ከተረከቡት ዕጥፍ ያህል ሆኖ ነበር። ሁለት መቶ የሚያህሉ ከብት ጠባቂዎች ከሩቅም ከቅርብም በፈረስ መጡ። ከነዚህም ብዙዎቹ ካፒቴኑ ከድርቅ አገር ያመጧቸው ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ሬሳው ወደ መቃብር ሲወርድ በተራ በተራ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው፥ ክፍቱን መቃብር በፈረስ አንድ አንድ ጊዜ ዞሩት፤ ከዚያም ወደ ከብታቸው ተመለሱ።