ኮርቻና ዕድሜ

ሰው በዕድሜው ሲገፋ ልብሱን ለሰውነቱ እንዲስማማ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ያስተካክላል፤ በዚህም የሚያፍር የለም። እኛ ግን ብስክሌታችንን ለዕድሜያችን ማስማማት አሳፍሮን ብዙ ዘመን ኖርን።

የእሽቅድድም ብስክሌት ነጂው ጀርባውን አጐንብሶ ነፋሱን እየሰነጠቀ እንዲሄድ የተሠራ ስለ ሆነ፣ መሪው ከኮርቻው ዝቅ ያለ ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበርና፣ ያ የተጐነበሰ ጀርባ በእኛ ዓይን የክብር ምልክት ሆኖ ቀረ። ስለዚህም ወገባችን ሲያመን፣ አንገታችን ሲደርቅ፣ መዳፋችን ሲደነዝዝ፣ በስንፍናችን ላይ ፈረድን እንጂ በአቀማመጣችን ላይ አልፈረድንም።

አንድ ማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል ስንወርድ ፍሬኑን ለመጨበጥ ብንሻ ጣቶቻችን አልታዘዙልንም። ከፊታችን አንዲት ሴት የማገዶ እንጨት ተሸክማ ትሄድ ነበር። እግራችንን መሬት ለመሬት እየጐተትን፣ ልንደርስባት ሁለት እርምጃ ያህል ሲቀረን በጭንቅ ቆምን። «እግዚአብሔር አተረፈን፣ አባባ!» አለችን። ከድንጋጤው ይልቅ «አባባ» የሚለው ቃል ወደ ልባችን ጠልቆ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ምርጫ ቀረልን፤ ይኸውም ብስክሌቱን መተው፣ ወይም ቺያቬ አንሥቶ ብሎኑን መፍታት ነበር። በዚህ ጊዜ የቤልጅጉን ኤዲ መርክስን አሰብን። ይህ ዝነኛ ሰው በ1961 ዓ.ም. መጨረሻ በውድድር ሜዳ ወድቆ ከተጐዳ በኋላ፣ ሕመሙን ለማስታገሥ ኮርቻውን ደጋግሞ ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር። ሆኖም በ1965 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። እርሱ ካላፈረ እኛ ስለ ምን እናፍራለን?

መጀመሪያ የኮርቻውን ቁመት መረመርን። ተረከዝ በፔዳሉ ላይ አርፎ፣ ፔዳሉም ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ በፊተኛው የእግር ክፍል ሲረገጥ ጕልበት ጥቂት ዕጥፍ ይላል። ኮርቻው ከዚህ ከፍ ቢል ዳሌ ይወዛወዛል፤ ዝቅ ቢል ጕልበት ከፊቱ ይታመማል። ቀጥሎም ኮርቻውን በጥቂቱ ወደ ኋላ ሳብነው፤ ወደ ፊት የቀረበ ኮርቻ ምቹ ይመስላል እንጂ የአካልን ክብደት በእጅ ላይ ይጥላልና። ከዚያም መሪውን 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን፣ ወደ ደረታችን 2 ሳንቲ ሜትር አቀረብነው። በመጨረሻም 23 ሚሊ ሜትር የነበረውን ጎማ በ28 ለውጠን ነፋሱን ጥቂት ቀነስን። ሁሉን ባንድ ቀን ብናደርገው የትኛው እንደ ጠቀመን ባላወቅንም ነበርና፣ አንዱን ብቻ እየለወጥን ሳምንት ሳምንት ሞከርን።

ዛሬ ወጣቶቹ እያለፉን ይሄዳሉ፤ ፍጥነታችን እንደ ቀነሰ አንክድም። ነገር ግን ጣቶቻችን ፍሬኑን በሚገባ ይጨብጣሉ። አንገታችንም ቀና ስላለ በዚያው ቁልቁለት የሚወርዱትን እግረኞች ከሩቅ እናያቸዋለን፤ ደወላችንንም መትተን በዝግታ እናልፋቸዋለን። «እንደምን አደሩ፣ አባባ!» ሲሉን ስሙ አይከብደንም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን።