ስለ አንዲት አውቶሞቢል ሁለት መብራቶች

ዕድሜውን በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት መካከል የፈጀ ሰው ስለ አውቶሞቢል መብራት ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ አንባቢ «ይህስ ከሙያው ውጭ ነው» ሳይል አይቀርም። እውነትም ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፥ በአሜሪካ በቨርጂኒያ በእንግድነት ሳለሁ የደረሰብንን ነገር ዝም ብዬ ባልፈው፥ ከጥፋቱ የእኔ ድርሻ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ እንደ ሆነው አድርጌ ልጽፈው ወደድሁ።

የእኅቴ ልጅ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፥ ዝቅ ያለች የስፖርት አውቶሞቢል አለችው። ስሟን ማዝዳ ሚያታ ይሏታል፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየች ናት፤ የእርሱ በ1993 የተሠራች ናት። መብራቶቿ ቀን ቀን ከፊቷ ክዳን ውስጥ ተሸሽገው ይውላሉ፤ ማታ ማብሪያው ሲነካ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብድግ ይላሉ። ፋብሪካው ለአሜሪካ ገበያ ያበጀላት መብራት መስተዋቱና አምፖሉ በአንድነት የታሸገ፥ ስፋቱ 7 ኢንች የሆነ ክብ ነው። የዚህ ዓይነቱ መብራት በዚያ አገር ከ1940 ጀምሮ ለብዙ ዘመን መደበኛ ሆኖ ኖሯል፤ ሲቃጠል ግን አምፖሉ ብቻ አይለወጥም፤ መላው ይጣላል። ብርሃኑም ለዛሬ ሰው ዓይን ደብዛዛ ነው። ልጁ በዚህ ተማርሮ አምፖሉ ለብቻው የሚለወጥ፥ መስተዋቱ የጠራ ሌላ ጥንድ መብራት ከእንግሊዝ አገር ሻጭ አስመጣ። ሲገጥማቸውም እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

የግራው እንደ ተመኘው በራ። የቀኙ ግን እንደ ጧፍ ቢጫ ሆነ፤ አልፎ አልፎም ይርገበገብ ነበር። ልጁ «አምፖሉ ደካማ ነው» ብሎ የ100 ዋት አምፖል ለመግዛት አሰበ፤ የተሠራለት ግን 55 ዋት ለአጭሩ፥ 60 ዋት ለረጅሙ ነው። እኔም ስለ ነገሩ ምንም ሳላውቅ «ብርሃን ቢበዛ ምን ይጎዳል? ግዛ» አልሁት። ይህን ቃሌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ደግነቱ ከመግዛቱ በፊት የቀኙን አምፖል ወደ ግራ፥ የግራውን ወደ ቀኝ አዛውሮ ሞከረ። ደብዛዛነቱ ከአምፖሉ ጋር አልሄደም፤ በቀኝ ቀረ። እንግዲህ በሽታው ያለው በሽቦው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ቴስተር አምጥቶ ሞተሩ እየሠራ መብራቱም በርቶ ሳለ ለካ፤ በባትሪው ላይ 14 ቮልት፥ በግራው አምፖል እግር ላይ 13 ከግማሽ ያህል፥ በቀኙ ላይ 12 እንኳ ያልሞላ ሆነ። የእንዲህ ዓይነቱ አምፖል ጠባይ ደግሞ ኃይሉ ከዐሥር አንድ እጅ ሲጎድልበት ብርሃኑ ከዐሥር ሦስት እጅ ያህል ይጎድላል። ሶኬቱን ነቅሎ ቢያየው ከሦስቱ መያዣዎች አንደኛው ላልቶ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክም በትኩሳት ቡናማ ሆኗል። የ100 ዋቱ አምፖል ገብቶ ቢሆን ኖሮ በዚያ በላላ ስፍራ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በዝቶ ሶኬቱን ያቀልጠው ነበር። በጥቂት ዶላር አዲስ ሶኬት ገዝቶ ገጠመ። በዚያን ማታ ሁለቱ መብራቶች እኩል ነጭ ሆነው ሲበሩ ደስታችን ብዙ ነበር።

በሳምንቱ፥ በገጠር የሚኖር አንድ የታመመ ወዳጃችንን ጠይቀን በሌሊት ስንመለስ፥ መንገዱ ጠባብ፥ የመንገድ መብራት የሌለበት፥ ግራና ቀኙ አጥር ነበረ። ከፊታችን የምትመጣ አንዲት መኪና ሁለት ጊዜ መብራቷን ብልጭ ድርግም አደረገች። ልጁም «አጎቴ፥ ያበራሁት እኮ አጭሩን ነው፤ ምን ሆነው ነው?» አለና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነዳ። እኔም ዝም አልሁ። መኪናይቱ በአጠገባችን ባለፈች ጊዜ ወደ ዳር ወጥታ በሣሩ ላይ ስትንሸራተት በጎን አየኋት። «ልጄ፥ ቁም! ተመለስ!» ብዬ ጮኽሁ።

ተመልሰን ስንደርስ መኪናይቱ የቀኝ ጎማዎቿ ቦይ ውስጥ ገብተው ዘንበል ብላ ቆማለች፤ አጥሩ ከፊቷ አንድ ክንድ አይርቅም። ነጂዋ ጠጉራቸው የነጣ አሮጊት ነበሩ፤ ከኋላቸውም አንድ ሕፃን ታስሮ ተቀምጦ ያለቅሳል። ማንም አልተጎዳም፤ አሮጊቲቱ ግን ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይንቀጠቀጡ ነበር። «መብራታችሁ ሲመጣ መንገዱ ጠፋብኝ» አሉ። ልጁ አጭሩን መብራት ብቻ እንዳበራ ማብሪያውን እያሳየ ሊያስረዳቸው ቢጀምር፥ «ይህ አጭሩ ከሆነ ረጅሙ ምን ሊሆን ነው?» ብለው መለሱለት። የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። ገፍተን ከቦዩ አወጣንላቸው፤ ሕፃኑም ዝም እስኪል ድረስ አጠገባቸው ቆየን።

ከዚያ በኋላ በእነዚያ መብራቶች እንዲነዳ አልፈቀድሁለትም። በቅርብ ወደ ነበረ አንድ ቤንዚን ማደያ በኤሊ ጉዞ ደረስንና በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ጉልበታችንን አጥፈን እስኪነጋ ቆየን። እንቅልፍ እንቢ ብሎኝ ስወጣ መብራቱ በማደያው ነጭ ግድግዳ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ እንዲያበራው ለመንሁት። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠ። የአጭሩ መብራት የላይ ጫፍ በቀኝ በኩል እንደ ተሰመረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከመካከል ወደ ግራ ግን እንደ ዳገት ሽቅብ ይወጣል። በአሜሪካ ሰው በቀኝ ስለሚነዳ፥ በግራ በኩል የሚመጣው የሌላው ሰው ዓይን ነው!

ወደ መስተዋቱ ተጠጋሁ። በድጓ ላይ ከፊደል በላይ የምትቀመጠው ትንሽ ምልክት ስትሳት ዜማው እንደሚበላሽ የተማረ ሰው ጥቃቅን ምልክት ዘሎ ማለፍ አይሆንለትም። በመስተዋቱ ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ አንዲት ቀስት ተቀርጻ አገኘሁ፤ ጫፏ ፊት ለፊት ወደሚቆም ሰው ቀኝ፥ ማለትም ወደ መኪናይቱ ግራ ያመለክታል። ልጁ ከስልኩ ላይ ቢመረምር በአውሮፓ ደንብ ይህች ቀስት «በግራ ለሚነዳበት አገር ብቻ» ማለት ሆና ተገኘች። በእንግሊዝና በጃፓን የእግረኛውን ዳር እንዲያሳይ ብርሃኑ ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር የሚሠራው የዚህ ተቃራኒ ነው። በአገራችንም እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ይነዳ እንደ ነበረ አስታወስሁ። ስዊድኖች በፈረንጆች 1967 ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞሩ የመኪኖቻቸውን መብራት መለወጥ ግድ ሆኖባቸዋል። እኛ ግን ያንን መብራት በገዛ እጃችን ገጥመን፥ ደብዛዛ ሳለ ጉዳቱ ተሸፍኖ የቆየውን ሶኬቱን አድሰን አበረታነው። «ብርሃን ቢበዛ ምን ይጎዳል» ያልሁት ቃል በዚያ ግድግዳ ፊት ትዝ አለኝ፤ ለልጁም ነገርሁት። እርሱም «ገዢው እኔ፥ ገጣሚው እኔ፤ እርስዎ ምን አደረጉ?» አለኝ። የሕፃኑ ልቅሶ ግን ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

ሻጩ መልሶ አልቀበልም አለ። ልጁ በቀኝ ለሚነዳ አገር የተሠራ፥ የአሜሪካን ደንብ የሚያመለክቱት ዲ ኦ ቲ የሚባሉ ፊደላት ያሉበት ሌላ ጥንድ ገዛ። በዚህ ጊዜ ገጥሞ ብቻ አልተወውም፤ አቅጣጫውንም አስተካከለ። ሥራው እንዲህ ነው። ጎማዎቹን በልካቸው ነፋ፤ ቤንዚኑን እስከ ግማሽ ሞላ፤ መኪናይቱን በደልዳላ ስፍራ ከግድግዳ 7 ሜትር ከ60 አርቆ አቆማት። የነጂው ክብደት መኪናይቱን ስለሚያዘነብላት በመቀመጫው ላይ ሰው መኖር አለበት፤ እርሱ ብሎኑን ሊያዞር ነውና እኔ እንደ ጆንያ ተጭኜ ተቀመጥሁ። «የኔታ፥ እንዳይነቃነቁ» እያለ ይቆጣኝ ነበር፤ ሥራ ሲይዝ አጎትነቴን ትቶ በዚህ ስም ይጠራኛል። በግድግዳው ላይ በመብራቶቹ ከፍታ ልክ በፕላስተር መስመር አሰመረ፤ የአጭሩ መብራት የላይ ጫፍ ከመስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እስኪል ድረስ አንደኛውን ብሎን ለከፍታ፥ ሁለተኛውን ለግራና ቀኝ አዞረ። አንዱ ሲስተካከል ሌላው መሸፈን አለበትና ነጠላዬን ልሰጠው ብል «በትኩሳቱ ይቃጠላል» ብሎ ካርቶን ከፊቱ አቆመ።

አምስት ሴንቲ ሜትር ምን ይለውጣል ብዬ ጠይቄው ነበር። በጣቱ ግድግዳው ላይ እየጻፈ አሰላልኝ፤ መብራቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ላይ ቢል፥ በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ከ75 ከፍ ይላል፤ ያም የተቀመጠ ነጂ ዓይን ካለበት ይበልጣል።

በማግሥቱ ማታ እኔ በመንገዱ ማዶ እንደሚመጣ ሰው ሆኜ ቆምሁ፤ እርሱ ከሩቅ እየነዳ መጣ። ብርሃኑ በጉልበቴ ላይ አለፈ፤ ዓይኔ አልተነካም፤ የመንገዱን ዳርና በዚያ የነበረውን የፖስታ ሣጥን ግን አጥርቶ አሳየ። ሦስት ጊዜ አመላለስሁት።

የፊተኞቹን መብራቶች ለሌላ ሰው ሊሸጥ ከሣጥናቸው መለሳቸው። ከዚያም ጥቂት አሰበና በሣጥኑ ላይ በወፍራም ቀለም «በግራ ለሚነዳ አገር ብቻ» ብሎ ጻፈበት፤ ከሥሩም ቀስቲቱን ሣላት።